ባቡሩ በደጃቸው የሚያልፍ ዘመዶች

የጋሽ መኮንንን ጨዋታ የቀዳሁት በስልኬ ነው፤ ሴንት ሉዊስ ፓርክ በምትባለው ከተማ ባለው ቤታቸው፣ ሳሎን ተቀምጠን። መሃል ላይ ባትሪው አልቆ ስልኩ ስለጠፋ፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን የጻፍኩት ከትዝታዬ ነው። ቃል አሳስቼ ሊሆን ይችላል።

«በእኛ ጊዜ፣ ናቲ፣ ለማየት ብሎ ከቤቱ የሚነሳ ሰው አልነበረም። ለሠርግ ትሄዳለህ፣ ለለቅሶ ትሄዳለህ፣ ለጸበል ትሄዳለህ። ‹ወዴት ነው?› ሲሉህ ‹ከተማ ለማየት› ብትል ‹ምን ጠፍቶህ?› ነው የሚሉህ። ታዲያ አልማዝ፣ ሚስቴ፣ አንድ ቀን ከሥራ መጥታ ጫማዋን ሳታወልቅ ‹ቪየናን ማየት እፈልጋለሁ› አለችኝ። ‹እዚያ ማን አለን?› አልኳት። ‹ማንም› አለች። ‹ማንም ከሌለን ምን ልናደርግ እንሄዳለን?› ‹ልናይ!› አለችኝ።

አየህ፣ እዚህ አጠገብ፣ ኤደን ፕሬሪ ያለ አንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ እና እዚያ አንዲት የቪየና ሴትዮ ነበሩ፣ ነፍስ ይማር፣ ስታጥባቸውም ስታበላቸውም ስለ ከተማቸው ያወሩላት ነበር። እንደ ፎቅ የቆመ ትልቅ የብረት ጎማ አለ፣ ቀያይ የእንጨት ክፍሎች ተንጠልጥለውበታል፣ እሱ ላይ ወጥተሽ ሲዞር ከተማውን በሙሉ ታያለሽ፣ እያሉ። በኋላ ሲደክሙ ‹አንቺ ሄደሽ እይልኝ› አሏት። እና አልማዝ ቃል ገባች። አልማዝ ደግሞ ቃል ከገባች፣ አንተ አታውቃትም፣ እኔ ነኝ የማውቃት።

ታዲያ ከሥራ የምታገኘው ቫኬሽን አንድ ሳምንት ብቻ ነው። ልጃችን ሳሮን ኮምፒውተሯን ከፍታ፣ እስከ ፍራንክፈርት በአውሮፕላን፣ ከፍራንክፈርት ቪየና በባቡር፣ ሆቴሉን፣ ጎማውን፣ ሁሉን አሰካካችው። እኔ ‹ለምን በባቡር? አውሮፕላኑ አያደርስም ወይ?› ብል ‹ዳዲ፣ ዘ ቪው!› አለችኝ። በመስኮት የሚታየውን አገር ማለቷ ነው፤ እሺ፣ ቪው ይሁን። ከዚያ ልጅት በደስታ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ባቡሩ የሚያልፍባቸውን ከተሞችና ሆቴላችንን ካርታ ላይ ምልክት አድርጋ የቤተሰብ ግሩፑ ላይ ለቀቀችው!»

ጋሽ መኮንን ጭንቅላታቸውን ይዘው ሳቁ።

«እዚህ ፈረንጅ አገር ተወልዳ ምን ታድርግ! ካርታ የላከች መስሏታል። የእኛ ሰው ካርታ አያይም፣ ናቲ፤ በማን ደጅ እንደምታልፍ ነው የሚያየው። ወዲያው ስልኩ ጮኸ። ታላቅ እህቴ እትዬ የሺ ናት፣ ከፍራንክፈርት። ‹መኮንን! ሆቴል ነው ያልከው? ምነው፣ እኔ ሞቻለሁ እንዴ? ሳምንቱን እኔ ጋር ናችሁ፤ በግ አዝዣለሁ!› ‹እትዬ፣ ቪየና እኮ...› ‹ቪየና ማን አለህ?› አየህ፣ የራሴን ጥያቄ መልሳ እኔኑ ጠየቀችኝ! እሷን ተሰናብቼ ሳልጨርስ የአልማዝ ወንድም ደረጀ፣ ከኑርንበርግ። ባቡሩ እዚያም ይቆማል። ‹ጋሼ፣ በደጄ አልፋችሁ በመስኮት እጃችሁን ልታውለበልቡልኝ ነው? እኔ ባዳ ነኝ? ቢያንስ ሦስት ቀን!› እና እንግዲህ አንተው አስላው። ቪየና አለቀላት።

እኔ እትዬን እምቢ አልላትም፤ አሳድጋኛለች። ‹አልሚ፣ ቪየና ለሌላ ጊዜ ይሁን› አልኳት። ሳሮን ልታለቅስ ደርሳ ‹ሶሪ ማሚ፣ ሶሪ ማሚ› ትላለች። አልማዝ ዕቃዋን አጥባ፣ እጇን አደራርቃ፣ ‹ስልኩን ስፒከር ላይ አድርገውና ሁለቱንም ባንዴ ጥራልኝ› አለችኝ።»

ስልኬ የጠፋው እዚህ ጋ ነው። የቀረው እንደማስታውሰው ነው።

«ታዲያ ሰላምታው ካለቀ በኋላ፣ ቁጣ የለ፣ ልመና የለ፣ ‹እትዬ፣ አውሮፓ ሠላሳ ዓመት ኖረዋል፤ ለመሆኑ ቪየና እንዴት ናት?› አለች። ‹ደሬ፣ አንተስ? ባቡሩ በደጅህ አይደል የሚያልፈው?› እትዬ የሺ፣ ያቺ ድምጿ ግድግዳ የሚነቀንቀው፣ ቀስ ብላ ‹ኧረ መቼ አርፌ፣ አልማዜ። ሥራ፣ ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን› አለች። ደረጀም ‹እኔ በባቡር የምሄደው ሥራ ነው› አለ።

‹እንግዲያው ጋባዧ እኔ ነኝ› አለች አልማዝ። ‹እትዬ፣ አንድ ሌሊት እርስዎ ጋር እናድርና ጠዋት አብረን እንሳፈራለን። ደሬ፣ አንተ ኑርንበርግ ላይ ትገባለህ። ቪየና ላይ እንግዶቼ ናችሁ።› ‹እንዴ! ቤት በሌለሽ አገር ነው የምትጋብዢኝ?› አለች እትዬ። ‹ታዲያ የተጠራ ሰው ይቀራል እንዴ፣ እትዬ?› አለቻት። በቃ! የተጠራ ሰው አይቀርማ!

እና ሄድን። እትዬ የበጉን ጥብስ ይዛ ተሳፈረች፣ ደረጀ ኑርንበርግ ላይ ዳቦ ታቅፎ እየሮጠ ገባ፣ ቲኬት የሚያየው ሰውዬ ሲመጣ እትዬ ከቲኬቱ በፊት ጥብሱን ዘረጋችለት። ሰውዬው በላ! የዘመድ ጥየቃውን ባቡሩ ውስጥ ጨረስነው፤ ቪየና ስንደርስ የቀረን ማየት ብቻ ነው። ጎማውም ላይ ወጣን። አልማዝ ከላይ ሆና ቁልቁል እያየች ‹አየሁልዎት› አለች። እትዬ ለእሷ መስሏት ‹እኔም እያየሁ ነው› አለቻት።

ጎበዝ ሰው እንዳገባሁ ድሮም አውቃለሁ፣ ናቲ፤ ምን ያህል ጎበዝ እንደሆነች ግን ገና እየደረስኩበት ነው!» ብለው ሳቁ።

«ጋሼ፣ እውነት እትዬ የሺ ይህን ሁሉ ዓመት የትም ሳይሄዱ?» አልኳቸው። ያጋነኑ መስሎኝ ነበር።

«አታምንም? ደውልላት።»

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ደወልኩ። እትዬ የሺ ቶሎ አላነሱም። «እውነቱን ነው፤ ከቪየና በፊት የትም አልሄድኩም» አሉኝ። ከዚያ «ቶሎ በል ልጄ፣ ፕራግ ልንገባ ነው፤ መስኮቱ ጋ ልጠጋ» ብለው ዘጉት።