ለማሽኑ ሰባት ነን በለው

ሄሎ? … አዎ፣ ጋምቤላ ነው፣ የከይሪያ ሱቅ። … እኔው ነኝ፣ ኛቹዎል። አገናኚኝ እንጂ እህቴ፣ ሮጬ ነው የመጣሁት … ሄሎ? ቱት! ልጄ! ትሰማኛለህ? — ከይሪያ፣ እባክሽ ሬዲዮኑን ቀንሺልኝ፣ የሰልፉ መዝሙር ጆሮዬ ውስጥ ገባ! — ምን ሆንክ? ታመምክ? … አልታመምክም። አሰሩህ? … እና በደህና ቀን ከአዲስ አበባ አያቱን ለስልክ የሚያስጠራ ማን አለ? ልቤ እኮ የባሮን ወንዝ ተሻግሮ ተመለሰ።

… ለሥራ? ኮምፒዩተር የሚያህል ነገር አጠገብህ ተቀምጦ እኔን ለሥራ? … እሺ፣ አላሾፍም። ተናገር።

… የሕዝብ ቆጠራው መዝገብ በሙሉ በአንድና በዜሮ ብቻ ነው የተጻፈው? … ሰው ሊያነበው አይችልም። ጎበዞች! እኔ እንኳ ሚሲዮን ትምህርት ቤት እስከ ሺህ ተምሬያለሁ። … እሺ፣ የሚያነበው ፕሮግራም አለ። ትእዛዝ ትጽፍለታለህ፣ ከትእዛዙ ኋላ አንድ ፊደል ትጨምርለታለህ። … ሲ ካልከው ይቆጥራል። ኤል ካልከው ይዘረዝራል። … ዲ ካልከው ስህተት ያለበትን ይጥላል። መጣልማ ለማን ይከብዳል! … የአንተ ሥራ እያንዳንዷ ፊደል የታዘዘችውን መሥራቷን መሞከር ነው። ገባኝ። ምሳ በልተሃል? … ዳቦ ምሳ አይደለም።

ከዚያስ? … በእኛ ቤት ሞከርከው? ስንት ቤት ሞልቶ? … መልሱን ስለምታውቀው። እሱስ ልክ ነህ። እኔ፣ እናትህ ኛጆክ፣ አጎትህ ሪክ፣ እናንተ አራታችሁ፤ ሰባት። … ሲ ስትለው ሰባት አለ። አየህ፣ ያውቀናል! … ዲ ስትለው ሦስት? አራታችሁንም አውጥቶ ጣለ? እንግዲያው ማን ነው እዚያ ቁጭ ብሎ የጠየቀው? ‘የጣልከው እኔ ነኝ’ አላልከውም? — ከይሪያ፣ ልጄ የለም ተባለ። ድምፁ ግን ደህና ነው። —

… ስህተታችሁ ምንድን ነው? … አባት ጃል፣ የሞተው በሃምሳ ሦስት። ልጅ ቱት፣ የተወለደው በሃምሳ ስድስት። … ‘ሙት አይወልድም’ አለህ? ይህን ለማወቅ ነው ማሽን ከውጭ ያስመጡት!

… ጓድ ኃላፊውስ ምን አለ? … ለነገ ጠዋት ስህተት የሌለበት ዝርዝር ይፈልጋል። … እንግዲህ የሚልህን አድርግ! አትከራከር፣ ልጄ። ሰውየው ጠረጴዛው ላይ ሽጉጥ ያስቀምጣል ብለኸኝ የለ? አንገትህን ደፍተህ ሥራ። እኔ አንድ ልጅ ለባሮ ሰጥቻለሁ፣ ይበቃኛል።

… ምን አድርግ አለህ? … ድገመው። … በጃል ቦታ ሪክን አባት ብለህ ጻፍ?

…

አለሁ። — ከይሪያ፣ ሬዲዮኑን ጨርሰሽ ዝጊልኝ። —

ስማኝ። ሪክ አንድ ቀን ‘ልጄ’ ብሎ ጠርቶህ ያውቃል? ‘የወንድሜ ልጅ’ ነው የሚልህ። የጥሎሹ ከብት ለእናትህ ቤተሰብ የተነዳው በጃል ስም ነው። ከሠርጉ በኋላ አንድ ክረምት እንኳ ሳይሞላው ባሮ ላይ ጀልባዋ ተገለበጠችበት። ሪክም ወንድሙን ተክቶ አራታችሁን ወለደለት፣ ለእሱ፣ ለሟቹ፣ ስሙ እንዳይጠፋ። ይህን የእኛ አገር ጥጃ ጠባቂ እንኳ ያውቀዋል፤ ማሽኑ አልተነገረውም! ባሮ እንኳ የወሰደው ሰውየውን ነው፣ ስሙን ትቶልናል። ጓድ ኃላፊህ ከወንዙ ሊብስ ነው?

… አልጮህኩም። … አዎ፣ አትከራከር ብያለሁ፣ አሁንም አትከራከር። ሌላ ፊደል የለውም? ከመጣል ሌላ አያውቅም? … ኤም? ኤም ምን ያደርጋል? … ሳይጥል አጠገቡ ምልክት ያደርጋል፣ ሰው እንዲያየው። ታዲያ ለምን አልሞከርካትም? … ጓድ ‘አታስፈልግም’ አለ። እህ! ‘ሥራዬ ፊደሎቹን ሁሉ መሞከር ነው’ ያልከኝ አሁን አይደለም? እንግዲህ ሥራህን ሥራ። መሞከር ክርክር አይደለም።

አሁኑኑ። ይዤ እጠብቃለሁ። … አቤት እህቴ? አንድ ደቂቃ ብቻ ቀረን? ማሽን እየጠየቅን ነው፣ ትንሽ ታገሺን። — አይ ከይሪያ፣ ወንበር አልፈልግም፣ ቆሜ ይሻለኛል። —

… ጻፍክ? … እያሰበ ነው? ያስብ፣ ዛሬ ገና መጀመሩ ነው። … ምን አለ? … ሰባት! አራቱ ላይ ምልክት። … ‘ይጣራ’ ይላል። ያጣሩዋ! እኔ እዚሁ ነኝ፣ የትም አልሄድም። ሲጠይቁህ ምስክር አለኝ በል፤ ኛቹዎል፣ ጋምቤላ፣ ከይሪያ ሱቅ ብትደውሉ ትመጣለች በላቸው። ጓድንም ‘የሚጣራ ተገኘ’ በለው፣ ቀስ ብለህ፣ አይን አይኑን ሳታየው። … እፈራለሁ እንጂ! ከጠዋት ጀምሮ ስፈራ ነው የምውለው። አንተም ፍራ፤ እየፈራህ ዝርዝሩን አስረክብ።

… ቆይ፣ ቆይ፣ ሳይቋረጥብን። የመጀመሪያውን ስም አንብብልኝ። … እንደተጻፈው፣ እስከ አባት። … ቱት … አዎ …

ሄሎ? ሄሎ? … ቱት?

— ተቋረጠ፣ ከይሪያ። … ተዪው፣ መልሰሽ አትደውዪ። ‘ጃል’ ካለ በኋላ ነው የተቋረጠው።