በክርስትና ስሜ የተጻፈው ደብዳቤ

ጉድ ልንገራችሁ። ጀርመን አገር ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ስነዳ ኖሬ ጡረታ ወጣሁና፣ ቀሪ ዕድሜዬን ደብረ ታቦር ልኑር ብዬ መጣሁ። ፓስፖርቴ የጀርመን ስለሆነ የገባሁት በቱሪስት ቪዛ ነው። ለመቆየት የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ያስፈልጋል ተባልኩ፤ ለሱ ደግሞ እዚሁ መወለዴን የሚያስረዳ ደብዳቤ። ክርስትና የተነሣሁበት ደብር ሄጄ አጻፍኩ፤ ሳላነበው አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። የጻፉልኝን ቄሰ ገበዝም ለምስክርነት ይዣቸው መታወቂያው የሚሰጥበት ቢሮ ገባሁ።

ጸሐፊው ደብዳቤውን አነበበና፣ «ወልደ ሩፋኤል ማን ነው?» አለኝ።

«እኔ ነኛ! የክርስትና ስሜ ነው።»

«ፓስፖርትዎ ግን ታደሰ ነው የሚለው።»

ወደ ቄሰ ገበዙ ዞሬ፣ «አባ፣ እባክዎ ታደሰ እኔ መሆኔን ይንገሩልኝ» አልኳቸው። እሳቸው ፈርጠም ብለው፣ «እኛ የምናውቀው ወልደ ሩፋኤልን ነው። ታደሰ የሚባል አላጠመቅንም» አይሉ መሰላችሁ! ደሜ ፈላ።

ጸሐፊው ደብዳቤውን መለሰልኝ። «ቪዛዎ ሲያልቅ ከአገር ወጥተው እንደገና በቱሪስት ይግቡ» አለኝ።

«እናት አባቴ የተቀበሩበት አገር ቱሪስት ነኝ?» ብዬ ጠረጴዛውን በጡጫ መታሁት። «ነገ ስሞት ፍትሐት የሚደረግልኝ በዚሁ ስም ነው! ያኔስ ማን ሞተ ልትል ነው?»

ቀና እንኳ አላለም። «የሞት ምዝገባ እኛ ጋ አይደለም አባባ፤ ሌላ ቢሮ ነው።»