ሁለት ጭስ

ጣሊያን ከወጣ ብዙም ሳይቆይ፣ ከመቀሌ ወደ ጎንደር በሚሄድ የጭነት መኪና፣ በጫነው ጨው ላይ ተቀምጠን ስንጓዝ፣ ከፊቴ የነበረ አንድ የወሎ ሽማግሌ ነጋዴ አጠገቡ ያለውን ወጣት ጠየቀው።

«ከመቀሌ ጀምሮ ክብሪት ጨብጠሃል፤ ምን ልታደርግበት ነው?»

«አገሬ ጣና ውስጥ ያለች ትንሽ ደሴት ናት፣ አባቴ። ታንኳ የምንጠራው ከዳር ሆነን በጭስ ነው። እያንዳንዱ ቤት የራሱ ምልክት አለው፤ የእኛ ሁለት ጭስ ነው።»

«ታዲያ ምን አስጨነቀህ?»

«ታንኳው ያለው ወንድሜ እጅ ነው። እኔን በጦርነቱ ሞቷል ብሎ የጌሾ መሬት ድርሻዬን የያዘውም እሱ ነው።»

«ሌላ ሰው መስለኸው ይመጣ ይሆናል።»

«ከቤታችን ከደሴቱ ውጭ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። ጭሱን ሲያይ እኔ መሆኔን ያውቃል፤ አይመጣም።»

«የጎረቤት ምልክት አጭስ!»

«በሰው ምልክት የጠራን ማንም አያሳፍርም።»

«ሁሉም የሚመጣበት ምልክት የላችሁም?»

«ሦስት ጭስ አለ። የመርዶ ነው።»

«ወላሂ፣ ሦስት አጭሳ!»

«ማን ሞተ ልበላቸው?»

«አንተው ሞተህ የለ እንዴ!»

መኪናው ዳገቱን እስኪጨርስ ድረስ እኔ ዓይኔን ወጣቱ ከጨበጠው ክብሪት ላይ አላነሳሁም።