የሐጂ ግንባር

ላሳምር ብዬ ነው እንጂ ሐጂን ላስቀይም አልነበረም። ፒያሳ ቲሸርት ላይ ነው የማትመው። ከዶሮ ማነቂያ ሰፈር ተነስተው የተበታተኑ ጎረቤታሞች ሊገናኙ ሲሉ፣ የሰፈራቸውን ልብስ ሰፊ የሐጂ ሰይድን ፎቶ ቲሸርት ላይ አትምልን አሉኝ። በአንድ ቀለም ሲታተም ግራጫ የሚባል የለም፤ የፊቱን ጥላ ሁሉ ኮምፒውተር ላይ ወደ ጥቃቅን ነጠብጣብ እቀይረዋለሁ። ጠቆር ባለበት ነጠብጣቡ ይወፍራል፣ ፈካ ባለበት ይቀጥናል። ግንባራቸው መሃል አንድ ጥቁር ነገር አየሁ። ሲታተም ይጨማለቅብኛል ብዬ ጠረግኩት። ናሙናውን ሊያዩ ሐጂ ራሳቸው መጡ። "ይሄ ማነው?" አሉኝ። "እርስዎ ነዎት እንጂ ሐጂ!" ስላቸው፣ ኮፍያቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው ስግደት ያጠቆረውን ግንባራቸውን አሳዩኝ። "አርባ ዓመት የሰገድኩትን በአንድ ቀን አጠፋህብኝ?"

"እድፍ መስሎኝ ነው" እንዴት ልበላቸው? ይቅርታ ጠይቄ መለስኩት። እንደገና እንዳይጠፋ ፈርቼም፣ ቀለም ጨርቅ ላይ ሰፋ እንደሚል እያወቅኩ፣ እዚያ ቦታ ላይ ነጠብጣቡን አወፈርኩት። በማግስቱ ቲሸርቱን ስዘረጋላቸው ግንባራቸው ላይ ሳንቲም የሚያህል ጥቁር ክብ ቁጭ ብሏል። አብረዋቸው የመጡት ጎረቤቶች "አሁን ሐጂን መሰሉ!" ብለው አጨበጨቡ። ሐጂ ግን አላጨበጨቡም። ልብስ ሰፊ አይደሉ? በአውራ ጣታቸው መጀመሪያ ጥቁሩን ለኩት፣ ቀጥለው የራሳቸውን ግንባር። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ቀንስልኝ ልጄ" አሉኝ፤ "ይሄን ያህል እንኳ አልሰገድኩም።"