የዘርጋው ፎም አውሮፕላን

ባቱ ከተማ፣ እሑድ ከምሳ በኋላ፤ የተማሪዎች ሰርቪስ ሾፌሩ ዘርጋውና ታናሽ እህቱ ስንቅነሽ በረንዳ ላይ፣ ከፎም በሠሯት የሪሞት አውሮፕላን ግራና ቀኝ ተቀምጠዋል፤ የአውሮፕላኗ አንድ ክንፍ ቀልጧል።

ስንቅነሽ፦ የበር ቀለም! አንተ ጋሼ፣ ፎም በበር ቀለም ይቀባል?

ዘርጋው፦ ተሳሳትኩ አልኩሽ እኮ። አዲስ ክንፍ ቁረጪልኝና ይብቃን።

ስንቅነሽ፦ ቲነር ያለበት ነገር ፎም እንደሚበላ ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ያኔ በሱፐር ግሉ ጭራዋን ያቀለጥኩ ጊዜ ሰፈሩን በሳቅ ገድለኸዋል።

ዘርጋው፦ ዛሬ ተራው የእኔ ነው፤ ሳቂ።

ስንቅነሽ፦ ምኑን ልሳቅ? ክንፏ እንደ እንጀራ ዓይን በዓይን ሆኖ!

ዘርጋው፦ ለዚህ ነው አዲስ ቁረጪ የምልሽ። የጎረቤት ፍሪጅ የመጣበት ፎም አለ አይደል? ደግሞ ረዘም አድርጊው፤ ከዚህኛው በአንድ ክንድ ይብለጥ።

ስንቅነሽ፦ በክንድ? ድንኳን ነው እንዴ የምንተክለው?

ዘርጋው፦ ሰፋ ሲል ነፋስ ይይዛል።

ስንቅነሽ፦ ነፋስማ ይይዛል፤ ሞተሯ ነው የማይችለው። ትናንት ክንፏ ሥር በሁለት ጣቴ አንሥቼ ሚዛኗን ሳይ በጭራዋ ዘጭ አለችብኝ። ለምን ዘጭ አትል? መጀመሪያ ቀይ ቀቢልኝ አልክ፤ ቀባሁ። ከዚያ ብርቱካን፤ እሺ። ከዚያ ሆዷ ሥር መብራት ይታሰርላት፤ አሰርኩ። ከዚያ ደግሞ ጭራዋ ላይ ሪባን! የሠርግ መኪና አደረግሃት እኮ።

ዘርጋው፦ ታምራለች።

ስንቅነሽ፦ ታምራለች፤ አትበርም።

ዘርጋው፦ አሁን ጥቁር ነው የምፈልገው። ሰማይ ላይ ጥቁር ይጎላል።

ስንቅነሽ፦ ቆይ፣ ቆይ። ሁለቱን የቀለም ጣሳዎች ጎን ለጎን አስቀምጬ፣ በአንዱ ላይ «የበር»፣ በሌላው ላይ «የፎም» ብዬ ጽፌባቸው ነበር። ፊደሉ የሱቅ ታፔላ ነው የሚያክለው።

ዘርጋው፦ ጨልሞ ነበር።

ስንቅነሽ፦ በጠራራ ፀሐይ ነው የቀባሃት።

ዘርጋው፦ ቸኩዬ ነዋ።

ስንቅነሽ፦ ሽታውስ? የቲነር ሽታ የተቀበረ ሰው ይቀሰቅሳል።

ዘርጋው፦ ጉንፋን ይዞኛል። ምንድን ነው፣ ፖሊስ ሆንሽ ዛሬ?

ስንቅነሽ፦ ይሄን ጣሳ አንብብልኝ እስቲ።

ዘርጋው፦ ደግሞ ፊደል ልታስቆጥሪኝ ነው?

ስንቅነሽ፦ አንብበው።

ዘርጋው፦ «የበር» ይላል። በቃሽ?

ስንቅነሽ፦ የያዝኩት የፎሙን ነው።

ዘርጋው፦ ገልብጠሽ ይዘሽው ይሆናል።

ስንቅነሽ፦ ጋሼ!

ዘርጋው፦ አትጩኺ፣ ጎረቤት ይሰማል።

ስንቅነሽ፦ ከመቼ ጀምሮ ነው?

ዘርጋው፦ እኔም አላውቅም። አያም፣ አያሳክክ። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው። መለዋወጫ ልገዛ ብዬ አዳማ የሄድኩ ጊዜ ሐኪም ጋ ነበርኩ። የዓይን ግፊት ነው፣ ነርቩን ጎድቶታል አለኝ።

ስንቅነሽ፦ መድኃኒትስ?

ዘርጋው፦ ጠብታ ሰጠኝ። እሱም የቀረችውን ለማቆየት ነው፤ የሄደው አይመለስም ብሎኛል። በቱቦ ውስጥ እንደማየት ነው፣ ስንቄ። ፊት ለፊቴ ያለው ይታየኛል፣ እሱም ጭጋግ ለብሶ። ግራና ቀኙ ተዘግቷል።

ስንቅነሽ፦ ወይኔ ወንድሜ! ለእኔ እንኳ አትነግረኝም? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማህም?

ዘርጋው፦ ያልደበቀውም የለውም አለኝ ሐኪሙ።

ስንቅነሽ፦ ታዲያ ባለፈው እሑድ ሜዳው ዳር ያለው ግራር ላይ የሰካሃት… ነፋስ ነው አላልከኝም?

ዘርጋው፦ ቅጠል አልተነቃነቀም። ጠፋችብኝ። በድምፅዋ ነበር የማዞራት። ላም አለኝ በሰማይ ይሉሻል ይሄ ነው።

ስንቅነሽ፦ አትቀልድብኝ።

ዘርጋው፦ ምን ላድርግ፣ ላልቅስ?

ስንቅነሽ፦ አልቅስ! አንተ ካላለቀስክ እኔ ላለቅስ ነው። ቀዩ፣ ብርቱካኑ፣ መብራቱ… ሁሉም እንድታያት ነበር?

ዘርጋው፦ አዎ። እሑድ እሑድ እስከ ግራሩ ድረስ ካየኋት፣ ሰኞ መኪናዬን አስነሣለሁ፤ ካጣኋት አቆማለሁ ብዬ ምዬ ነበር።

ስንቅነሽ፦ ስታጣትስ?

ዘርጋው፦ ቀይ ቀቢልኝ አልኩሽ።

ስንቅነሽ፦ ቀዩም ሲጠፋህ?

ዘርጋው፦ ብርቱካን።

ስንቅነሽ፦ አይ ፈተና! ራስህ አወጣኸው፣ ራስህ አረምከው፤ እኔ ሞኟ ደግሞ እያስኮረጅኩ አሳለፍኩህ። ያ ሁሉ ሕፃን ተጭኖ! ልጄ ቤዛ ከነቦርሳዋ እዚያ ውስጥ ተቀምጣ!

ዘርጋው፦ መኪና ሌላ ነው። አውሮፕላን ትንሽ ናት፣ ሩቅ ትሄዳለች። መንገድ ላይ ያለው ሁሉ ትልቅ ትልቁ ነው፤ አይሱዙው፣ ጋሪው፣ አህያው…

ስንቅነሽ፦ ሕፃን ትልቅ ነው? በተዘጋው በኩል ሮጦ ቢገባብህስ?

ዘርጋው፦ መንገዱን በቃሌ አውቀዋለሁ። ጉድጓዱን ሁሉ በስሙ ነው የምጠራው።

ስንቅነሽ፦ ጉድጓድ አይሮጥም።

ዘርጋው፦ ትምህርት ቤት እስኪዘጋ ብቻ። ከዚያ አቆማለሁ።

ስንቅነሽ፦ ሲዘጋ ደግሞ እስኪከፈት ትላለህ።

ዘርጋው፦ አንቺ ምን አለብሽ! እኔ ከመሪ ሌላ ምን አውቃለሁ? ሰው «ዘርጌ ሾፌሩ» ሲለኝ ነው ሰው የምሆነው። ከነገ ጀምሮ እዚህ በረንዳ ላይ ተጎልቼ የሰው ኮቴ ሳዳምጥ ልዋል? እነዚያ ልጆች ሲያዩኝ ዱላ ይዤ ግድግዳ ልዳብስ? ቁረጪልኝ ክንፉን፣ ስንቄ። አንዴ ብቻ። በጥቁሩ ካየኋት…

ስንቅነሽ፦ ካላየሃትስ?

ዘርጋው፦ ሌላ ቀለም አይጠፋም።

ስንቅነሽ፦ ከጥቁር በኋላ ምን ቀለም አለ፣ ጋሼ?

ዘርጋው፦ ጨካኝ ነሽ።

ስንቅነሽ፦ ጨካኝ በለኝ፤ ክንፍ ግን አልቆርጥም። መጀመሪያ የሠራናት ትንሿ ነጭ ጓዳ ተሰቅላ የለም? ቀለም የላት፣ መብራት የላት። ባትሪ ልግጠምላትና ሜዳ እንውጣ። እኔ አበራታለሁ፣ አንተ ያለችበትን በጣትህ ታሳየኛለህ።

ዘርጋው፦ ነጯን? በዚህ ደመና?

ስንቅነሽ፦ በዚሁ ደመና። ሕፃን ብርቱካን ተቀብቶ መንገድ አያቋርጥም። እስከ ግራሩ ድረስ ካሳየኸኝ፣ ነገ ንዳ፤ ለማንም ትንፍሽ አልልም። ቤዛንም በእጄ ይዤ መጥቼ አሳፍራታለሁ።

ዘርጋው፦ ልጅሽን አትጨምሪበት።

ስንቅነሽ፦ እስከ ዛሬስ ማን ሲጭናት ነበር? ተነሥ፣ እንሂድ።

ዘርጋው፦ አልነሣም። የመኪናው ቁልፍ የደረት ኪሴ ውስጥ ነው። አንቺ አውጪው፤ የእኔ እጅ እምቢ ብሎኛል።