መልአኩ ያልጠየቀው

ከአርብ ገበያ ወደ ደብራችን በሚወስደው መንገድ፣ ዳገቱ አልቆ ሜዳው ሲጀምር አንዲት ወይራ አለች። መንገደኛ ሁሉ እዚያ ያርፋል። ከስድስት ዓመት በኋላ አገሬ በገባሁ በአምስተኛው ቀን፣ ሐሙስ ከሰዓት፣ እኔም ላርፍ ስጠጋ አንድ ሽማግሌ ጥላዋ ሥር ተቀምጠው አገኘሁ። በግራ እጃቸው የዐይናቸውን ቆብ ገልብጠው፣ በቀኛቸው ከማተባቸው ጋር የታሰረች ወረንጦ ይዘው፣ ወደ ውስጥ የታጠፈ የዐይን ፀጉራቸውን በዳሰሳ ይነቅላሉ።

ፊደል ያስቆጠሩኝ መሪጌታ ቀለመወርቅ ነበሩ።

«ማነህ? ርምጃህ የገበሬ አይደለም» አሉኝ ቀና ሳይሉ።

«ስማቸው ነኝ፣ የኔታ። የካሣነሽ ልጅ።»

ወረንጦዋ ባለችበት ቆመች።

«ያ ቲማቲም ሊማር እስራኤል አገር የሄደው?»

«እሱው ነኝ።»

«ለአንድ ዓመት ብለህ ስድስት ዓመት! እኔ እዚሁ ጋይንት ቤተ ልሔም ዜማ ስማር የቆየሁትን ያህል ቆየህ እኮ። ቲማቲምም እንደ ዜማ ምልክት አለው እንዴ?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር። በመጣሁ ዕለት ቤት ስገባ ግን እናቴ ያወቀችኝ በድምፄ ነበር። ሁለቱም ዐይኖቿ ነጭ ሆነዋል። በጋይንትና በስማዳ ይህን በሽታ የማያውቅ ቤት የለም፤ ሐኪሞች ትራኮማ የሚሉት የዐይን ማዝ ነው። ቆቡ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ፀጉሩ ብሌኑን ሲፍቅ ኖሮ ያጠፋዋል። ቆቡን መልሶ ማቃናት የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፤ ክፍያም የለውም። እናቴ እኔ ከመምጣቴ ሦስት ዓመት በፊት ባለሙያዎች መጥተው ሳለ የኔታን ምክር ጠየቀች። «የአርባ ቀን ዕድልሽ ነው፤ ተቀበይው» አሏት። ሰው በተወለደ በአርባ ቀኑ የተጻፈለትን አይሽርም ማለታቸው ነው። ተቀበለችው።

የዚያን ቀን ከአርብ ገበያ ጤና ጣቢያ ነበር የምመለሰው። ሀና የምትባል ነርስ ለእናቴ ጊዜው እንዳለፈ ነገረችኝ፤ ከዚያም እንዲህ አለችኝ፦ «ነገ ቀዶ ጥገና እንጀምራለን። ከእናንተ ደብር ሃያ ሦስት ሴቶች መዝግበን ነበር። አሁን ሁሉም ‹የኔታ ካልሄዱ አንሄድም› ይላሉ።»

ከጎናቸው ተቀመጥኩ።

«ነገ ጤና ጣቢያ ይሂዱ፣ የኔታ። ቀኝ ዐይንዎ ጠፍቷል፤ ግራው ገና ነው።»

«አባቴ በዚሁ ሄደ፤ አያቴም በዚሁ። ሰው ከአርባ ቀን ዕድሉ በምላጭ አያመልጥም።»

«እኔ በነበርኩበት በረሃ ያዕቆብ የሚባል አዛውንት መምህር ነበረን። መስኖ ነበር የሚያስተምረን፤ ምሳ ሰዓት ላይ ግን የአባቶቹን ነገር ያወጋን ነበር። የአይሁድ ሊቃውንትም ስለ ዕድል የሚሉት አላቸው።»

«አይሁድ ሆነህ መጣህ በለኛ!»

«እንኳን አይሁድ፣ ክርስቲያን መሆኔንም እንጃ።»

አማተቡ። ሊቅ ናቸውና ግን ነገር ይወዳሉ። «ቀጥል» አሉ።

«ሰው ከመፀነሱ በፊት መልአክ የዘሩን ጠብታ ይዞ በፈጣሪ ፊት ይቆማል ይላሉ። ‹ይህች ብርቱ ትሁን ደካማ? ብልህ ትሁን ሞኝ? ሀብታም ትሁን ድሃ?› ብሎ ይጠይቃል፤ ሁሉም ይወሰናል። ‹ደግ ትሁን ክፉ?› ብሎ ግን አይጠይቅም። እሱ ለሰውየው የተተወ ነው።»

የኔታ ከት ብለው ሳቁ። «የእኔኑ መለስክልኝ እኮ! ብርቱና ደካማ ብሎ ከጠየቀ፣ ዐይናማና ዕውር ማለቱም አይቀርም። የተወሰነ ነው አላልኩህም?»

«እሺ፣ የእርስዎ ዐይን የተወሰነ ይሁን። የሃያ ሦስቱ ሴቶችስ? እርስዎን አይተው ነው የሚቀሩት። ሰው እኔን አይቶ ገደል ሲገባ ልናገር ወይስ ዝም ልበል ማለት የደግና የክፉ ነገር ነው። መልአኩ ያልጠየቀው ይህን ነው።»

ሳቃቸው ቆመ።

«ነጻ ፈቃድን የእኛ ሊቃውንትስ መቼ ካዱ? ይህን ለመስማት ባሕር መሻገር ነበረብህ?»

«ታዲያ ለእናቴ ለምን አልነገሯትም?»

የሚያነባውን ዐይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተስ? እኔ ዕድልሽ ነው ካልኳት በኋላም እናትህ ‹ልጄ ሲመጣ ይወስደኝ ይሆናል› ትል ነበር። ሁለት ፋሲካ እንዲህ ስትል ሰምቻታለሁ። ስድስት ዓመት ማን ያዘህ? መልአኩ ነው?»

በስልክ «ዐይኔን ይቆረቁረኛል» ስትለኝ «ጠብታ አድርጊበት» እላት ነበር። ከዚያ ሥራ አለብኝ ብዬ እዘጋዋለሁ።

«አየህ፣ ልጄ፣ ዕድል የሚባለው ነገር ለምን እንደሚጥም? ዕድል ካለ ካሣነሽን ያሳወራት ፈጣሪ ነው። ከሌለ እኔ ነኝ፤ አንተም ነህ። በዚህ ዕድሜዬ ይህን ተሸከም ነው የምትለኝ?»

እኔ ራሴ ያልቻልኩትን ሸክም ለሽማግሌ ማሸከሜ አሳፈረኝ። ቢሆንም ተናገርኩ።

«ያዕቆብ ሌላም ነግሮናል። ሁለት የሊቃውንት ወገኖች ‹ሰው ባይፈጠር አይሻለውም ነበር ወይ?› ብለው ሁለት ዓመት ተኩል ተከራከሩ። በመጨረሻ ድምፅ ሰጥተው ‹ባይፈጠር ይሻለው ነበር› ብለው ወሰኑ።»

«እውነተኛ ሊቃውንት ናቸው» አሉ የኔታ። ፌዝ አልነበረበትም።

«ግን አንድ ነገር ጨመሩ፤ አንዴ ከተፈጠረ ሥራውን ይመርምር። ዓለም ሥራዋ ሳያልቅ ነው የተሰጠችን ይላሉ። ፈጣሪ ገብስ ይሰጣል እንጂ በሶ አያዘንብም፤ መቁላቱና መፍጨቱ የሰው ነው። የተፈጠርነው የጎደለውን እንድንሞላ ነው።»

«የእናትህ ዐይን ይሞላል?»

«አይሞላም።»

«የእኔስ?»

«የጠፋው አይመለስም። የቀረውም ስንት ጊዜ እንደሚቆይ አላውቅም። መፋቁ ግን ይቆማል።»

«ይበራልሃል ብትለኝ ኖሮ አላምንህም ነበር» አሉና እጃቸውን ዘረጉልኝ። «በል አንሳኝ።»

ረታሁ፤ ደስታ ግን አልተሰማኝም። እንዲህ ያለ ሙግት የሚረታው ሰው ሁልጊዜ ዘግይቶ የደረሰ ነው።

ዐርብ ጠዋት ክንዴን ይዘው ወረዱ። በአቋራጭ እንሂድ ስላቸው እምቢ አሉ፤ ሰው ሁሉ እንዲያያቸው በገበያው መሐል አለፍን። ሀና ቆባቸውን አቃናችው። እሑድ ቅዳሴ እንዳበቃ፣ ቆቡ ገና አብጦ ሳለ፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው ምእመኑ ፊት ቆሙ።

«ለካሣነሽ ‹የአርባ ቀን ዕድልሽ ነው› ያልኳት እኔ ነኝ» አሉ። «ዕድሏ አልነበረም፤ የእኔ ቃል ነበር። ሕክምናው አያምም አልላችሁም፤ ያማል። ግን ግማሽ ሰዓት ነው። ባለሙያዎቹ እስከ ማክሰኞ አሉ፤ ሂዱ። የልጆቻችሁንም ፊት ጠዋት ጠዋት እጠቡ፤ አንድ ጣሳ ውሃ ይበቃል። ከዐይናቸው ዝንብ እሽ በሉ። ዝንብን ማንም አልጻፈላቸውም።»

ከሃያ ሦስቱ አሥራ ዘጠኙ ሄዱ። ዛሬ እነዚህ ሴቶች ጭስ ፊት ተቀምጠው ይጋግራሉ፣ ፀሐይ ላይ ያርማሉ፤ ወረንጦ ከአንገታቸው ወርዷል፤ ልጆቻቸው ፊታቸውን ታጥበው ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። አራቱ አልሄዱም። የኔታም ሕመሙ ቢተዋቸውም የሚያዩት የሰው ጥላ ብቻ ነው።

የዚያን እሑድ ግን እናቴ ከበሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነበር። የኔታ ተናግረው ሲጨርሱ ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ይቅር ትላለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ትረግማለችም ብዬ ፈራሁ።

«የኔታ» አለች ቀስ ብላ፣ «እኔም እኮ እግር ነበረኝ። ጤና ጣቢያው ሩቅ አልነበረም።»

ወደ ቤት ስንመለስ፣ ከደብሩ በታች ያለው ወንዝ ጋ ስንደርስ፣ ስድስት ዓመት ያልተናገርኩትን ተናገርኩ።

«እማዬ፣ መምጣት እችል ነበር።»

«አውቃለሁ» አለችኝ። እግሯን አንስታ አየር ላይ ያዘችው። «መሻገሪያው ድንጋይ የቱ ጋ ነው?»

እጇን ይዤ አሻገርኳት።