የተነሡት እጆች

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ከትምህርት ቤት ወደ ቤቴ ስመለስ፣ በሸንኮራው እርሻ ዳገት ላይ አንድ ቤት በበሬ ጋሪ ተጭኖ፣ መንኰራኵሩ ጭቃ ውስጥ ሰምጦ አገኘሁ። ይህ በደሴታችን እንግዳ ነገር አይደለም። መሬቱ የእርሻው፣ የቤቱ ሳንቃ የሠራተኛው ስለሆነ፣ ቤቶቻችን ያለ መሠረት በድንጋይ ላይ ተደላድለው ይቆማሉ። የእርሻው ሹም «ልቀቅ» ባለ ቀን፣ ሰው ግድግዳውን ነቅሎ ጣራውን አውርዶ ይሄዳል።

ጋሪውን ከኋላ የምትገፋው ሉክሬሺያ ፔምበርተን ነበረች፤ እኔው ያስተማርኳት፣ ዛሬ የሸንኮራ ሠራተኞች ማኅበር ጸሐፊ የሆነች ወጣት። ቤቱ የአጎቷ ነው። ልረዳት ኮቴን ሳወልቅ የአለቃ መኪና ደርሳ ቆመች።

ኤልካና ጃርቪስን «አለቃ» የማይላቸው ሰው በደሴታችን የለም። በልጅነታቸው ሸንኮራ ቈርጠዋል፣ ሠራተኛውን በማደራጀታቸው ታስረዋል፣ አሁን በሕግ አውጪው ሸንጎ የሠራተኛው እንደራሴ ናቸው። ጫማቸውን እንኳ ሳያወልቁ ጭቃው ውስጥ ገብተው ትከሻቸውን ለጋሪው ሰጡ። ጋሪው ከጭቃው እንደ ወጣ ዝናብ ወረደና፣ ሦስታችንም በዳገቱ አናት ወደሚገኘው የታላቅ እኅታቸው የወይዘሮ ዶርካስ ቤት ሮጥን።

«አይዞሽ ልጄ» አሉ አለቃ፣ እንደ ተቀመጥን። «ነገ በስብሰባው ለአድማው እጃችንን ስናነሣ፣ ለአጎትሽ ጣራም ጭምር ነው።»

«ጣራው የወረደው እኮ አምና እጁን ስላነሣ ነው!» አለች ሉክሬሺያ። «እኛ ከሹሙ ቤት ፊት ለፊት ካለው ዛፍ ሥር እጅ እናነሣለን፤ ሹሙ ሰገነቱ ላይ ሻዩን እየጠጣ ያነሣውን ሁሉ ለቅሞ ያያል።»

«ይየን! አባቶቻችን ከባርነት የወጡ ዕለት በዚያው ዛፍ ሥር እጃቸውን አንሥተው ነው የማሉት። መደበቅ የሌባ ነው።»

«ታዲያ አምና እሑድ ሁሉም እጅ ተነሥቶ፣ ሰኞ ግማሹ ሰው ሸንኮራ ውስጥ የተገኘው ለምንድን ነው?»

የአለቃ ፊት ጠቈረ። አድማው የከሸፈበት ያ ሰኞ ከእስር ቤቱ ይልቅ ያሳምማቸው ነበር። «ከሃዲዎች ናቸው» አሉ።

«አይደሉም። እሑድ እርስዎን ፈሩ፣ ሰኞ ሹሙን ፈሩ። ልባቸውን የጠየቀ የለም።»

«እኔን? ለእነሱ የታሰርኩትን?»

«ለዚያ እኮ ነው! የታሰረለትን ሰው ፊት ለፊት ‹እምቢ› ማለት ማን ይችላል?»

«መምህር፣ ይህችን ልጅ ምንድን ነው ያስተማሯት?» አሉ ወደ እኔ ዞረው።

«መቁጠር ብቻ ነው» አልኩ።

ሉክሬሺያ ሐሳቧን አስረዳች። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ የበቆሎና አንድ የአተር ፍሬ ይሰጠዋል፤ ከሸራ መጋረጃ ኋላ ይገባና አንዱን ቅል ውስጥ ይጥላል። በቆሎ ሥራ ይቁም ማለት ነው፤ አተር ይቀጥል።

«ሕዝቤን እንደ ዶሮ በጥሬ ላታልለው?»

«ድምፅ ሰጪው የተረፈችውን ፍሬ ለዶሮው ይስጣት፣ አለቃ።»

አለቃ አልሳቁም። የዝንጅብል ሻይና የካሳቫ ቂጣ ወደምታቀርበው እኅታቸው ዞሩ። «እትዬ፣ አንቺ ፍረጂ። አምና ከፊት ቆመሽ እጅሽን ያነሣሽው እኔን ፈርተሽ ነው?»

ወይዘሮ ዶርካስ ቂጣውን አስቀመጠች፤ እጇንም በሽርጧ ጠረገች።

«ባሌ ያኔ አልጋ ላይ ነበር» አለች። «እኔ ሥራ ካቆምኩ የእርሻው ሐኪም አያየውም። ልቤ ‹አይሆንም› ይል ነበር። ግን የአለቃ እኅት እጇን ሰብስባ ብትቆም ምን ይባላል? አነሣሁ። ሰኞም እንዳታየኝ ሻሼን ፊቴ ላይ አውርጄ፣ በጓሮ መንገድ ወደ ሸንኮራው ሄድኩ።»

«ከሃዲ ብዬ የሰደብኩት . . . አንቺንም ነበር?»

«እኔንም፣ ወንድሜ።»

አለቃ በምርጫ ብዙ ጊዜ ድል ያደረጉ፣ ዳኛ ፊት ድምፃቸው ያልተንቀጠቀጠ ሰው ነበሩ። ያን ቀን ግን ኩባያውን ሳይቀምሱት መልሰው አኖሩት። የአንድ መሪ ትልቁ አደጋ ጠላቱ የሚያየውን እርሱ አለማየቱ መሆኑን ያን ጊዜ ተረዳሁ። ሹሙ እጆቹን ሲያይ ማንን እንደሚቀጣ ያውቅ ነበር፤ አለቃ ግን እነዚያኑ እጆች እያዩ ከኋላቸው ማን እንዳለ አያውቁም ነበር።

እሑድ ከዛፉ ሥር የጀልባ ሸራ ተሰቀለ። አለቃ «ዛሬ ስለ እኔ ብሎ ድምፅ የሚሰጥ ሰው ይበድለኛል» ብለው ተቀመጡ። ሹሙ ከሰገነቱ ሆኖ ጀርባ ብቻ አየ። ፍሬው በነጭ አንሶላ ላይ ፈስሶ ሲቈጠር ግን በቆሎው የሚበልጠው በጥቂት ነበር።

«ይህን ያህል አተር!» አሉ አለቃ ቀስ ብለው።

«አምናም ነበረ» አለች ሉክሬሺያ። «አላየነውም እንጂ።»

አለቃ ተነሡና እንደ ልማዳቸው «ነገ!» ብለው በመጮኽ ፈንታ፣ «አተር የጣለ ሰው ምን አስግቶት ይሆን?» ሲሉ ጠየቁ። አንዲት አሮጊት፣ «እኔ አልጣልኩም እንጂ፣ የጣለችው ‹ልጆቼ ምን ይበላሉ? ቤቴን የት ልትከል? በሽተኛዬን ማን ያይልኛል?› ሳትል አትቀርም» ስትል ሕዝቡ ሳቀ። ሳቁ ግን እውነቱን አላስቀረውም። የአድማው መጀመሪያ በአንድ ሳምንት ተራዘመ። በዚያ ሳምንት የጋራ ወጥ ቤት ተቋቋመ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ለሚነቀሉ ቤቶች ግቢውን ፈቀደ፣ ከከተማም አንድ ሐኪም ሊመጣ ቃል ገባ።

አንባቢ ሆይ፣ የምስጢር ድምፅ ለፈሪ መጠለያ ብቻ አይምሰልህ። ደካማውን ከበቀል ይጠብቃል፤ መሪውንም ከከንቱ ውዳሴ ያድነዋል። «እምቢ» ለማለት ነፃ የሆነ ሰው «እሺ» ያለ ዕለት በቃሉ ይጸናልና። ይህንኑ አለቃ ኋላ በሸንጎው ተሟግተው በሕግ አስጸድቀውታል።

አድማው በተጀመረበት ሰኞ ንጋት ግን ይህን ሁሉ ገና አናውቅም ነበር። በመንገዱ ዳር ቆመን ከሸንኮራው ውስጥ የቆንጨራ ድምፅ ይሰማ እንደ ሆነ በፍርሃት አደመጥን። ነፋስ ብቻ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ወይዘሮ ዶርካስ ሻሿን ወደ ኋላ አስራ፣ በዋናው መንገድ መጥታ ከወንድሟ አጠገብ ቆመች።

አለቃ እስኪሞቱ ድረስ፣ ያን እሑድ የትኛውን ፍሬ እንደ ጣለች አልጠየቋትም።